እናቴ ናዝሬትን ያነበበችበት ቅዳሜ

በደብዳቤ ላይ የተራበ ተማሪ አይቼ አላውቅም። ተማሪ በአካል ሲያዩት ሊርበው ይችላል፤ ጉንጩ ሊገባ፣ ቀበቶውም አዲስ ቀዳዳ ሊያስፈልገው ይችላል። ብዕር ሲያነሳ ግን ይጠግባል። «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምርና ገጹ ሳያልቅ አንድ በግ ይጨርሳል። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። እኔ ራሴ ናዝሬት ዘጠነኛ ክፍል በተማርኩበት ዓመት በደብዳቤ የበላሁትን ሁሉ በአፌ በልቼው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ይህን የሚያወጋችሁ ሰው በበር የማያልፍ ይሆን ነበር።

ያደግሁት ከመቂ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ እናቴ ብቻዋን አሳደገችኝ። ዘመኑ ደርግ ነው። የእኛ አካባቢ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ስለነበር፣ ከዚያ በላይ መማር የፈለግሁ ጊዜ ወደ ናዝሬት መሄድ ግድ ሆነ። አዳማ የምትሏትን ከተማ ማለቴ ነው፤ ስሟ ተለወጠ እንጂ ሙቀቷ ያው የድሮው ነው። እናቴ ልትልከኝ የተስማማችው በአንድ ቃል ኪዳን ብቻ ነው። «የተራብክ ዕለት ትመለሳለህ» አለችኝ። «እኔ ለፊደል ብዬ ልጄን በረሃብ አልቀጣም።» አጎቴ ደግሞ በሬዎቹን የሚጠምድለት ሰው አጥሮት ስለነበር የምራብበትን ቀን በተስፋ ይጠባበቅ ነበር።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እውነቱን ብጽፍ በሳምንቱ እርፍ ጨባጭ ነኝ። ስለዚህ ዋሸሁ።

መዋሸቱ ባልከፋ፤ የከፋው አድማጭ ማግኘቴ ነው። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤዬን የሚያነብላት የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ነበር። እሱ ደግሞ የገዛ ድምፁን መስማት የሚወድ ሰው ስለሆነ፣ ወረቀቱን የሚዘረጋው ዋርካው ሥር ሰው ሲሰበሰብ ነው። አድማጭ እንዳለው ያወቀ ጸሐፊ መቼ ልጓም ይይዘዋል? በመጀመሪያው ደብዳቤ ምሳዬን በትልቁ ሆቴል እንደምበላ ጻፍኩ። ሰው ተደነቀ አሉኝ። በሁለተኛው ስፓጌቲ ጨመርኩና ሹካ ላይ እንዴት እንደሚጠቀለል «ልክ እንደ ፈትል በእንዝርት» ብዬ አስረዳሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ሶደሬ ፍል ውኃ መዋኘት ጀመርኩ። በአራተኛው ሲኒማ ገባሁ።

እውነቱን ላውጣው። ትልቁን ሆቴል የማውቀው በአጥሩ በኩል ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሽንኩርቱና የቲማቲሙ ቁሌት ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ይመጣል፤ እኔም ቆም ብዬ የድርሻዬን እወስዳለሁ። በዚያ ዘመን ስኳሩም ጤፉም በቀበሌ በራሽን ነበር፤ ሽታን በራሽን ለማደል ግን እስካሁን ማንም አላሰበም። ቅዳሜ የምውለው ባቡር ጣቢያ ነው። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ሲገባ ማየት እወድ ነበር። ሰዉ ዕቃውን በመስኮት ያወርዳል፣ ፈታሾቹ በበሩ ይጠብቃሉ፤ ዕቃው ለምን በበር እንደማይወርድ ለመረዳት ዘጠነኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም።

የምበላው ደግሞ ከሐዲዱ ማዶ፣ አዴ ጫልቱ ቤት ነበር፤ አዴ በኦሮምኛ እማማ እንደማለት ነው። አዴ ጫልቱ አንዲቷን ክፍላቸውን በመጋረጃ ከፍለው ግማሿን ምግብ ቤት ያደረጉ የከተማው ሰው ናቸው። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ምግብ፦ ሽሮ። ሽሮ ካለ ቤቱ ክፍት ነው፣ ከሌለ ዝግ ነው፤ ስለዚህ ሰሌዳ መስቀል አላስፈለጋቸውም። እንጀራዬ ሲያልቅ ሳልጠይቅ ይጨምሩልኝና «ኛዱ፣ ኛዱ» ይሉኛል፤ ብላ፣ ብላ ማለታቸው ነው። በዓለም ላይ ካሉ ምግብ ቤቶች ሁሉ ዛሬም የምወደው ያንን ነው፤ ስለ እሱ ግን ለእናቴ አንድም መስመር አልጻፍኩም።

አዴ ጫልቱ አንድ ልጅ አላቸው፤ ዘምቶ ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። ፊደል ስለማያውቁ ደብዳቤውን የማነብላቸው እኔ ነኝ። ልጁ ቃል ይቆጥባል። «ደህና ነኝ። እዚህ ይበርዳል» ብሎ ይፈርማል። ይህ ለእናት ይበቃል? አይበቃም። ስለዚህ እኔ ትንሽ ሥጋ እጨምርበታለሁ። አንዳንዴ ወተት። አንድ ጊዜ አዛዡ በወታደሩ ሁሉ ፊት አመሰገነው። አዴ ጫልቱ ያን ቀን ሽሮዬ ላይ ቅቤ ጣል አደረጉ። ለቅቤው ብዬ አልነበረም የጨመርኩት፤ ሙሉ በሙሉ ለቅቤው ብዬ አልነበረም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት በመቂ አውቶቡስ ነው የመጣችው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ገጠራችን ገብቶ ኖሮ፣ አንድ ቀን ፊደሉ ባቄላ ባቄላ የሚያህል ደብዳቤ ደረሰኝ። «ልጄ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊው አይደለም። ቅዳሜ እመጣለሁ። የምትበላበትን ሁሉ ታሳየኛለህ።» ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀመጥኩ። የእናቴን እጅ ጽሑፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ፤ ከዕንባው ውስጥ ግን ግማሹ የፍርሃት ነበር።

ቅዳሜ አውቶቡስ ተራ ተቀበልኳት። ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች፣ ደብዳቤዎቼን በተራቸው ደርድራ በክር አስራ በጉያዋ ይዛለች። ሰላምታው ሳያልቅ ማንበብ ጀመረች። አዲስ አንባቢ መንገድ ላይ ይዛችሁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? አንድም ግድግዳ አያልፋትም። «ዳ… ቦ… ቤት» ትላለች፤ ትቆማለች፤ ዳቦ ቤት ሆኖ ስታገኘው እንደ ተአምር ታየዋለች። አንድ ግንብ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ መፈክር ጋ ስንደርስ ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«ሰፊው… ሕዝብ… ያሸንፋል። ሰፊው ሕዝብ ማን ነው?» አለችኝ።

«እኛ ነን እማዬ» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «አንተ እንኳ ሰፊ አትመስልም» አለች።

ሆቴሉ በር ስንደርስ የተዘጋጀሁበትን አወጣሁ። በዚያ ዘመን የማያጠራጥር ሰበብ አንድ ነበር፦ ስብሰባ። «ምን ያደርጋል፣ ዛሬ ጓዶች ስብሰባ ይዘው ሆቴሉ ዝግ ነው» አልኳት አዝኜ። እናቴ ግን በሩ ላይ ወደተንጠለጠለችው ሰሌዳ ጠጋ አለች። «ክ… ፍት… ነው» አለች። ዞር ብላ አየችኝ። «ክፍት ነው ይላል እኮ።»

ገባን። አስተናጋጁ የምግብ ዝርዝሩን ለእኔ ሲዘረጋ እናቴ እጇን ሰድዳ ተቀበለችውና እስከ ታች ድረስ አነበበችው። ስፓጌቲ የሚለው ላይ ስትደርስ ፊቷ በራ፤ ድሮ የምታውቀው ዘመድ ያገኘች ነው የመሰለችው። አዘዘች።

ስፓጌቲው መጣ። ሹካም መጣ። ወገኖቼ፣ ስለ ሹካ መጻፍና ሹካ መያዝ ለየቅል ናቸው። እንደ ጻፍኩት አጠንጥኜ ሳነሳው ፈትሉ ተተርትሮ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ደግሜ ሳነሳ አንዱ ክር አገጬ ላይ ተጋደመ። በሦስተኛው ከሹካዬ አምልጦ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ዘለለ። አስተናጋጁ ቸር ሰው ነው፤ ወደ ጣራው ተመለከተ። እናቴ ግን ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም።

«ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «በየቀኑ የምትበላውን ምግብ እንዲህ ትፈራዋለህ እንዴ?»

ሹካውን አስቀመጥኩት። እናቴ ዳቦውን ቆረሰች፣ ስፓጌቲውን በዳቦው ሰብሰብ አድርጋ ጠቀለለችና አጎረሰችኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ስፓጌቲ እሱ ነው። እየዋጥኩ አለቀስኩ። እሷም እያጎረሰችኝ ጥያቄዋን ቀጠለች።

«ሶደሬስ?»

«አልሄድኩም።»

«ሲኒማውስ?»

«ውጭ ቆሜ ድምፁን ሰምቻለሁ።»

«ባቡሩስ?»

«እሱ እውነት ነው።»

ሳህኑን አስጨርሳኝ ጣቷን ተጣጠበችና፣ አሁን የእውነት የምበላበትን እንዳሳያት ነገረችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣ ያልፋል። እሷ ግን እያሰበች ነበር የምትራመደው፣ ሰሌዳም ማንበብ ትታለች። አብሬያት ወደ መቂ እንደምሳፈር አልተጠራጠርኩም።

አዴ ጫልቱ ቤት ስንደርስ እናቴ ጎንበስ ብላ ገባችና «አካም ጅርቱ» አለች። መቂ ያደገ ሰው ኦሮምኛ አያጣም። ሁለቱ በኦሮምኛ ደህንነት ተጠያይቀው፣ በአማርኛ ተጨዋውተው፣ የእኔን ነገር ሲጀምሩ ደግሞ እንደማልሰማ ሰው በሁለቱም አወሩብኝ። እናቴ «ይጠግባል?» ስትል ጠየቀች። አዴ ጫልቱ ጥቂት አሰቡ። «ያለውን ይበላል» አሉ። «የሌለው ቀን ግን ጦሙን አላሳድረውም።» እናቴ ይህን ስትሰማ እጃቸውን ይዛ ሳመች።

እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። አዴ ጫልቱ ግን ከትራሳቸው ሥር አንድ ፖስታ አወጡ። ልጃቸው ጽፏል፣ ከጠዋት ጀምሮ እኔን እየጠበቁ ነው። እጄን ስዘረጋ እናቴ ቀደመችኝ።

«እኔ ላንብብልሽ?»

እንዲህ ስትል ፊቷን ብታዩት እናንተም አትከለክሏትም ነበር። እኔም አልከለከልኳት። ግን እናቴ መጨመር አታውቅም፤ ያለውን እንኳ በግድ ነው የምታወጣው። አዴ ጫልቱ ከሥጋውና ከወተቱ ይልቅ «እዚህ ይበርዳል» የሚለውን ብቻ ሊሰሙ ነው።

ጀመረች። «ይድረስ… ለ… ውድ… እናቴ።» አዴ ጫልቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሰላምታውን ጨረሰች። «ይህን… ደብዳቤ… የምታነብላት… ወንድሜ… ሆይ» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ተመልሳ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ድስቱ ሲንተከተክ ይሰማል። ከዚያ እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገችና ማንበብ ቀጠለች፤ ያውም እንዴት ያለ ማንበብ። «ወንድሜ ሆይ ለጎረቤት ሁሉ ሰላም በልልኝ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ፣ ምሳዬን የምበላው በትልቅ ሆቴል ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ፍል ውኃ ወርደን እንዋኛለን…»

ቃሎቹን ወዲያው ለየኋቸው። የራሴ ናቸው። ደጋግማ ስላነበበቻቸው በቃሏ ይዛቸዋለች።

ስትጨርስ አዴ ጫልቱ ዓይናቸውን ገልጠው አመሰገኗት፣ ሽሮም አቀረቡ። እናቴ ወረቀቱን አጥፋ በጠረጴዛው ሥር እጄ ላይ አኖረችው። ውጭ ወጥቼ አነበብኩት። ልጁ እግሩን ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቷል። እግሩ እንደማይቆረጥ ሐኪሞቹ ነግረውታል። «ይህን ለእናቴ አታንብብላት» ይላል። «ስድን ራሴ እነግራታለሁ።»

እናቴን ወደ አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። ልብሴን እንዳመጣ የምታዘኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ረዳቱ መቂ መቂ እያለ ሲጣራ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«ትማራለህ» አለችኝ። «ከእንግዲህ ግን ሽሮ ከበላህ ሽሮ ብለህ ጻፍ። የማነበው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወር ጀምሮ በመቂ አውቶቡስ ለአዴ ጫልቱ ሽምብራና በርበሬ ይመጣ ጀመር። አጎቴ በሬዎቹን ራሱ ጠመደ። እኔም ሽሮ፣ ሽሮ፣ ሽሮ እያልኩ ጻፍኩ፤ ጸሐፊው ዋርካ ሥር የሚያነበው ነገር አጣ።

የአዴ ጫልቱ ልጅ በዓመቱ በምርኩዝ እያነከሰ ተመለሰ። ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። እናቲቱ በቁስሉ ይደነግጣሉ ብዬ ውኃ ይዤ ቆሜያለሁ። እሳቸው ግን ልጃቸውን አቅፈው አልቅሰው ሲያበቁ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የበግ ቆዳ የተነጠፈበት ዝቅ ያለ ዱካ አወጡና እግሩን አሳረፉለት። ዱካውን ካስጠረቡት ቆይቷል። ልጁ ሲተኛ ጠብቄ፣ ማን እንደነገራቸው ጠየቅኋቸው።

«እናትህ ናት» አሉኝ። «ፊደሏን አንድ አንድ እያለች ስትለቅም ቆይታ፣ ድንገት እንደ ቄስ ስታወርደው ጊዜ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ነው አልኩ። አንተ ስትመልስልኝ ለሌላ ሰው ሰጥቼ አስነበብኩት።»

ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉ?

«እንግዳ ናት። እኔን ልታጽናና ስትደክም እንዴት ላሳፍራት?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እኔ ሳነብላቸው የነበረውንስ ጠርጥረው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅሁ። አዴ ጫልቱ ጥያቄው ገረማቸው።

«ያንተንማ አንድም ቀን አልጠረጠርኩም» አሉኝ። «አንተ የተማርክ ነህ።»