ከገዛ አማቻቸው ጋር የተሟገቱት ዳኛ

በየአገሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ቤቱ በእሳት ሲያያዝ እንኳ ውሃ ከመቅዳቱ በፊት ጉድጓዱ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ። የእኛ አውራጃ ድርሻ ክቡር ዳኛ ኤይለርት ናቸው። እህቴን ራንዲን አግብተዋል፤ እግዜር ያጽናት።

በሠርጋቸው ቀን ቄሱን አስቁመው፣ «አባ፣ ጋብቻው በሦስት እሑድ መታወጅ ነበረበት፤ ያወጁት በሁለት ነው» አሉ። ሙሽራዋ ሌላ ሳምንት ጠበቀች። ፍየላቸው የጎረቤት አጃ የበላች ጊዜ ደግሞ ራሳቸውን ከሰሱ፣ ተከራከሩ፣ በራሳቸው ላይ ፈረዱ። ይግባኝም ጠየቁ፤ ራሳቸው መልሰው ከለከሉ።

«ሕጉ ምን ይላል?» አፋቸው ላይ ያለችው ይህች ናት።

ሕገ መንግሥታችንን ከጻፉት አንዱ ስለነበሩ ዳኝነቱን ትተው ፖለቲካ ውስጥ ገቡ። ስቶክሆልም ተቀምጦ እኛንም የሚገዛው ንጉሥ ምክር ቤታችን ያወጣውን ሕግ ለዘለዓለም የመሻር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ እንዲሰጠው አማረው። ደግነቱ ሕገ መንግሥቱን መለወጥ የሚችለው ቀጥሎ የሚመረጠው ምክር ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ምርጫ የሞት የሽረት ነበር። የዳኛው ተፎካካሪ የእንጨት ነጋዴው ቶርግሪም ሲሆን፣ ለንጉሡ ልቡ ያዘነብላል።

ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበን ድምፅ ሰጠን። ዳኛው በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፉ! ባርኔጣዬን ወረወርኩ። እሳቸው ግን ብድግ አሉ።

«ይህ አማቼ ሹር ለሕገ መንግሥቱ አልማለም» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። «የመሐላው ቀን ሎፎተን ደሴቶች ሄዶ ዓሣ ሲያጠምድ ነበር። ያልማለ አይመርጥም።»

«አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች ራንዲ። «አንድ ቀን ዝም ብትል ምን አለበት?»

ድምፄ ተሰረዘ፤ እኩል ሆኑ። ዕጣ ሲጣል ለቶርግሪም ወጣ። እሱም አፍሮ፣ «እኔ አልሄድም፤ እሳቸው ይሂዱ» አለ።

«የተመረጠ ሰው እምቢ ማለት አይችልም» አሉት ዳኛው። «ሕጉ ግልጽ ነው።»

እኔ አኮረፍኩ። አገር በደረቅ ሰው እጅ ጠፋ እያልኩ በየደጁ አማኋቸው።

በበጋው ቶርግሪም ምክር ቤቱ ካለበት ከዋና ከተማው ከክርስቲያኒያ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ዳኛው ቤት መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«የንጉሡ ሐሳብ ለድምፅ ቀርቦ ስሜ ሲጠራ 'እስማማለሁ' ልል ነበር» አለ ቆሞ። «እርስዎ የገዛ ወንበርዎን ለሕጉ ሲለቁ አይቼ፣ እኔ በምን አፌ ለንጉሥ አሳልፌ እሰጠዋለሁ? 'አይሆንም' አልኩ። ሌሎቹም እንደዚያው፤ ሐሳቡ ወደቀ።»

ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጉ ምን እንደሚል ሳይጠይቁ ቶርግሪምን አቅፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም ዞሬ እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ፤ እንዲህ ያለ አማች ስለሰጠኝ እግዜርን አመሰገንኩ።