የመርሴዲሱ ወንበርና የአውቶቡሱ ክላክስ

በእኛ አገር መኪና አይሞትም። ሰው ይሞታል፤ መንግሥትም ሲወድቅ በዓይናችን አይተናል። መኪና ግን ይወራረሳል እንጂ አይሞትም። ሞተሩ ወደ አንዱ ይሄዳል፣ በሩ ወደ ሌላው፤ ስፖኪዮው ደግሞ ውርሱ እስኪጣራ እንኳ አይቆይም። አበው «በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ሲሉ መፍቻና ካቻቪቴ ገና አላዩም ነበር። ቢያዩ ኖሮ ተረቱን ያሻሽሉት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የምነዳት ፊያት እንዲህ ካሉ ውርሶች የተሰበሰበች ነበረች። አራት በር አላት፤ አራቱም የአንድ እናት ልጆች አይደሉም። ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ የመኪናዋን ቀለም ሲጠይቀኝ «በየት በኩል?» ብዬ መልሼ እጠይቀው ነበር። ነፋስ ስልክ የሚያውቀኝ በስሜ ሳይሆን በእሷ ነው። ጠዋት ጠዋት ገፍቶ ያላስነሳልኝ ጎረቤት ስለሌለ፣ ሰፈሩ በሙሉ በመኪናዋ ላይ ድርሻ አለኝ ባይ ነበር። እኔም አልከራከርም፤ ገፊ ከሌለ ባለ መኪና የለም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለቤቴ አስካለ በክረምቱ ጭቃ ደጃፋችን ላይ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሞች በብረትና በብሎን ገጣጠሟት። ከሆስፒታል ስትመለስ ፊያቷን አየት አደረገችና፣ ከእንግዲህ እኔና እሷ እህትማማች ነን፣ ሁለታችንም የቆምነው በመለዋወጫ ነው አለችኝ። ሳቅሁ። ፊቴን አዙሬ ደግሞ አለቀስኩ። ዕድሜዋን ሙሉ እኔን ስታሯሩጠኝ የኖረች ሴት ክራንች ተደግፋ ሳያት አንጀቴ አልቻለም።

እግሯ ቀስ በቀስ መለስ አለ። ያልተመለሰው ዝቅ ብሎ መቀመጥ ነው። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ንግሥት ናት፤ ዝቅ ያለ ነገር ላይ ቁጭ በይ ካሏት ግን ያ ብረት ይይዛታል። የእኔ ፊያት ወንበር ደግሞ ስንቱን ሲሸከም ኖሮ ከወለሉ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው። ውይይት ታክሲ ላይ መንጠላጠሉ የማይታሰብ ነው። ጎረቤቶች ተሸክመን እንውሰድሽ ቢሏት፣ እኔ ሰው ትከሻ ላይ የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ገና ነው ብላ ተቆጣች። «ካልታዘልኩ አላምንም» ያለችው ሙሽራ ሌላ ናት፤ የእኔዋ በሠርጓ ዕለት እንኳ አልታዘልም ብላ ሚዜዎቼን ያሳፈረች ናት።

ታዲያ ምን ይሻላል? ስለት አለባት። በእግሬ ከቆምኩ ለመካኒሳ አቦ በገዛ እጄ ዣንጥላ አስገባለሁ ብላለች። በገዛ እጄ ያለችውን ልብ በሉልኝ፤ ባሌ ያደርስልኛል የምትል ሴት አይደለችም። ዣንጥላው ተገዝቶ ከአልጋዋ ራስጌ ቆሟል፤ የመጋቢት አቦ እየቀረበ ነው፤ እሷም ዣንጥላውን እያየች ትተክዛለች።

ከስለቱ የባሰ የሚያብሰለስላት ሌላ ነገር ነበር። እሷ አትናገረውም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ፀዳለ ናት። ፀዳለ አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን ናት። ጎረቤት ስል ምን ነካኝ፣ እህቷ ናት እንጂ፤ ልጆቻችን እናታቸው የትኛዋ እንደሆነች በወጉ ሳይለዩ ነው ያደጉት። ሁለቱ ከዓመታት በፊት የተጣሉት በእድራችን ብረት ድስት ክዳን ነው። ፀዳለ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ሳለች አንድ ለቅሶ ላይ የትልቁ ድስት ክዳን ጠፋ። አስካለ ሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት «ፀዱ፣ ክዳኑስ?» አለቻት። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰረቅሽ አላለቻትም፤ ግን ሰው ፊት «ክዳኑስ?» ማለት በእኛ ሰፈር ከክስ አይተናነስም። ነገር ነገርን ወለደና በመጨረሻ አስካለ፣ ብሞት ቀብሬ ላይ እንዳላይሽ አለቻት። ከሞተች በኋላ በምን ዓይኗ እንደምታያት አላብራራችም። ክዳኑም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አስካለ ስትሰበር ያልጠየቃት ሰው የለም። ከለቡ ማዶ ያሉ ዘመዶቿ ሳይቀሩ በእግር መጥተው ጠየቋት። ፀዳለ ብቻ ቀረች። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር አስካለ ከትራሷ ቀና ትላለች፤ የገባው ሌላ ሰው ሲሆን ተመልሳ ትተኛለች። ማንን ነው የምትጠብቂው ስላት፣ ማንንም አለች። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላሉ፤ የቅርቡ ጎረቤት ሲያኮርፍ ምን እንደሚደረግ ግን ተረቱ አይነግረንም። ዳሌ በብሎን ይገጠማል፤ ይህንን በምን እገጥመዋለሁ? ሽምግልና ልላክ ብላት፣ ልከህ እንዳላይህ አለችኝ። የሰው ልብ መጠገን ሲያቅተኝ መኪናዋን እንኳ ላብጅ ብዬ ተነሳሁ።

ዳኜ የሚባል ሰው ከፋብሪካዎቹ ጀርባ የወዳደቁ መኪኖች የተሰበሰቡበት ግቢ አለው። ፈትቶ የሚሸጠውም፣ የሚበይደውም፣ ሽቦ የሚቀጥለውም እሱው ነው። ችሎታውን አልክድም፤ ትሕትና ግን አልፈጠረበትም። አውሮፕላን ወድቆ ቢያመጡለት እንኳ «ረቡዕ ና» የሚል ሰው ነው። ችግሬን ነገርኩት። ሰምቶኝ ሳያበቃ ግቢውን አቋርጦ ሳር የበቀለባት ጥቁር መርሴዲስ ፊት አቆመኝ። የትልቅ ሰው መኪና ነበረች ጋሼ፣ አለኝ። አሁን ዶሮዎች ወርሰዋታል። አንዷ የኋላ ወንበሩ ላይ እንቁላል ታቅፋ፣ ቀጠሮ ሳይዙ ቢሮው እንደገቡበት ሚኒስትር ቆጣ ብላ አየችን።

የፊተኛው ወንበር ግን ወንበር ነው! ሰፊ ነው፣ ቆዳ ነው፣ ክንድ ማሳረፊያ አለው። ተቀመጥኩበትና መነሳት አስጠላኝ። ይህ ወንበር ብረት ተበይዶለት ከፍ ቢል አስካለ ወገቧን ሳታጥፍ ትቀመጥበታለች። ዳኜ ለካና የፊያትህ በር ካልተነቀለ አይገባም አለኝ። ይነቀል አልኩ። ነቀለው፤ አስገባው፤ በሩን መለሰው። ውጤቱን ስናየው መኪናዋ ውስጥ ዙፋን የተተከለ ይመስላል፤ ከጎኑ የሾፌሩ ወንበር ዝቅ ብሎ እግር ሥር ቀርቷል። ግድ የለም፣ እኔ ኑሮዬም እንደዚያው ነው አልኩ።

ሥራው አልቆ፣ ሒሳብ ተዘግቶ ልሄድ ስል ነው ነገር ያበላሸሁት። ምርቃት! እኛ ሰዎች ሎሚ ስንገዛ እንኳ አንዲት ምርቃት ካልተጣለችልን የተዘረፍን ይመስለናል። የመርሴዲስ ወንበር ገዝቼ ያለ ምርቃት ልሂድ እንዴ? ምርቃቱስ፣ አልኩት። ዳኜ ዙሪያውን ቃኘና ከአንድ የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ሬሳ ላይ ክላክስ ፈታልኝ። የእኔዋ ክላክስ ከሞተች ቆይታለች፤ ያን ሰሞን መንገደኛ የማስነሳው አንገቴን በመስኮት አውጥቼ በመጮህ ነበር። የአውቶቡሱ ክላክስ ግን የክንዴን ያህል ስለሆነ ኮፈኑ ሥር አልገባ አለ። ዳኜም ከመኪናዋ ኋላ በሆዷ ሥር አሰረውና ሽቦውን በአዲሱ ወንበር ሥር አሳልፎ ከመሪው ጋር አገናኘው። በወንበሩ ሥር መሆኑን አይቻለሁ፤ ግን ደስ ያለው ሰው ምን ያስተውላል?

የአቦ ዕለት ጎህ ሲቀድ ፊያቷን ደጃፍ ላይ አቆምኳት። አስካለ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ዣንጥላውን አስይዛኝ በክራንቿ ወጣች። ወንበሩን ስታይ ቆመች። ዳሰሰችው። ይህን ሁሉ ለእኔ ብለህ ነው? አለችኝ። ለአቦ ብዬ ነው አልኳት፤ በእኛ ዕድሜ ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በታቦት እያሳበበ ነው። ከዚያ ወገቧን ሳታጥፍ፣ እህ እንኳ ሳትል፣ ቁጭ አለች።

ቁጭ ስትል ክላክሱ ጮኸ።

ለካ ወንበሩ ሰው ሲሸከም የተበየደለት ብረት ወርዶ ሽቦውን ይጫነዋል። ያውም እንደ ሰው ክላክስ ጲጵ ብሎ ዝም የሚል አይደለም። ባትሪዋ ደካማ፣ ክላክሱ አሮጌ፤ ድምፁ ረጅም ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ እየወረደ ይወጣል። በእኛ ሰፈር ደግሞ በዚያ ሰዓት እንዲያ የሚጮኽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእድሩ ጡሩምባ። እሱ ጎህ ሲቀድ ከተሰማ ሰው ሞቷል። ድምፁ ከየት መጣ? ወራት አልጋ ላይ ከከረመች ሴት ደጃፍ። የግቢው በር ተበርግዷል። ባልየው እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አናቴን የያዝኩት ባትሪውን ልነቅል ብዬ ኮፈኑ አልከፈት ብሎኝ ነው። አስካለን ተነሺ ተነሺ እላታለሁ። መነሳት ለእሷ እንደ መቀመጥ ቀላል መሰለኝ?

ከሰው ሁሉ ቀድማ የደረሰችው ፀዳለ ናት። በባዶ እግሯ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች መጥታ እኔ ላይ ተጠመጠመች። «አስኩዬን! እህቴን!» እያለች ታነባለች። ልጄ ሲታመም አዝለሽ የሮጥሽልኝ፣ ባሌ የሞተ ጊዜ ከደጄ ያልተለየሽ፣ ለአንድ ክዳን ብዬ ዓይንሽን ሳላየው ቀረሁ አለች። በአጥሩ ቀዳዳ ስትራመጂ እያየሁ ብቻዬን እልል እል ነበር፣ እንዳልገባ ምላስሽን ፈራሁ አለች። አልሞተችም ልላት እታገላለሁ፤ አፌን ትከሻዋ ውስጥ ደፍናዋለች። ክላክሱም እየደከመ፣ እንደ ሰው ሳግ እየተናነቀው ይጮሃል።

በፀዳለ ትከሻ ላይ አሻግሬ አስካለን አየኋት። ዙፋኗ ላይ እንደተቀመጠች እያንዳንዷን ቃል በመስኮቱ ትሰማለች፤ እንባዋ ጉንጯን አርሶታል። ሰው በራሱ ለቅሶ ላይ ተገኝቶ አብሮ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ የበሩን ጠርዝ ጨብጣ፣ ክራንች ሳትይዝ፣ ማንም ሳይደግፋት ተነሳች። ክላክሱ ቀጥ አለ። ፀዳለ ድምፁ ሲቋረጥ ቀና ብትል ሟች ፊቷ ቆማለች።

ሌላ ሰው ቢሆን በአጥሩ ዘሎ ይጠፋ ነበር። አስካለ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ፣ ብሞት እንዳላይሽ አላልኩሽም? አለቻት። ፀዳለ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣ ታዲያ መች ሞትሽ! አለች። የቀጠለውን በደንብ አላየሁትም፤ የእኔም ዓይን ደህና አልነበረም። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲወዛወዙ ይወድቃሉ ብዬ ክንዴን ዘርግቼ እንደቆምኩ ትዝ ይለኛል።

እስከዚያ ሰፈሩ ሞላ። የድንኳን ምሰሶ ተሸክመው የመጡ ነበሩ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ቢራቱ ጡሩምባቸውን ታቅፈው ደረሱ፤ ተቆጥተዋል። በዚህ ሰፈር ያለ እኔ ማን ሞተ፣ ማንስ ነፋ? ይላሉ። የሞተ እንደሌለ ሲነገራቸው እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ በሥራቸው የገባውን ክላክስ ግን ጎንበስ ብለው አይተው በእግራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

ሽቦውን በጥሼ ጣልኩና በሉ እንሂድ፣ ቅዳሴው ሊያልፈን ነው አልኩ። የመርሴዲሱን ወንበር በክንዴ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ለአስካለ ቦታ አሳየኋት። እሷ ግን የኋላውን በር ከፈተች። የኋላው ወንበር እኮ ከድሮው የፊተኛው የባሰ ዝቅ ያለ ነው! ፀዳለ ብብቷን ይዛ፣ ቀስ፣ አይዞሽ፣ እንዲህ፣ እያለች አወረደቻትና ከጎኗ ገባች። ወራት ሙሉ አልታጠፍ ያለው ዳሌ ታጠፈ። ዣንጥላውንም ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ዙፋኑ ላይስ ማን ወጣ? ጋሽ ቢራቱ፣ ከነጡሩምባቸው። ከተነሳን አይቀር ተሳልመን እንምጣ ብለው ነው የገቡት። ክንዳቸውን አሳርፈው፣ እንዲህ ያለ ወንበር እያለ ሰው ለምን ይሞታል? አሉኝ።

ጎረቤት ገፋ፤ ፊያቷ ተነሳች። መንገዱን ሁሉ የኋላው ወሬ አላቋረጠም። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደፈታ፣ የዓመታት ውዝፍ ይወራረዳል። በስፖኪዮው ሳያቸው ሁለት ራስ በአንድ ነጠላ ተሸፍኗል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን እኔም ሰው ነኝ፤ ስንት የለፋሁበት ወንበር ነው! መካኒሳ ልንደርስ ስንል አላስችል አለኝና፣ ምን ጎደለውና ነው የተውሽው ብዬ ጠየቅኋት።

ወሬዋ በመቋረጡ ትንሽ ቅር አላት። ከዚያ ልፋቴ አሳዝኗት መሰለኝ ድምፅዋን አለዝባ፣ ወንበሩስ ምንም አልጎደለውም፣ እጅህ ይባረክ አለችኝ፤ ለአንድ ሰው ብቻ ሠራኸው እንጂ።