የአያ ደምሴ ጾም

ቅቤ በተወደደ ቁጥር የሚጸድቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ጎረቤቴ ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ እንደ አያ ደምሴ የሚጾም የለም። ረቡዕና ዓርብ አነሱትና ሰኞን ጨመረ። ሽሮው ዘይት ከበዛበትማ ሚስቱን ጥሩዬን «ነፍሴን ልታጠፊያት ነው?» ብሎ ይቆጣታል።

ዘንድሮ የጽጌ ጾም ገባ። የፈቃድ ጾም ነውና አብዛኞቻችን በፈቃዳችን ተውነው። አያ ደምሴ ግን ለቤቱ ሁሉ አወጀ። ጥሩዬ የዶሮዎቿን እንቁላል ለገበያ እየለቀመች «ይኼ ሰውዬ የሚፈራው እግዜርን ነው ወይስ ባለቅቤዋን?» አለችኝ።

የነፍስ አባታችን የጾሙን አዋጅ ሰምተው እንባቸው መጣ። በማኅበራችን ፊት ቆመው «በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ጾመኛ ከተገኘ፣ የቁስቋም ዕለት ጾሙን የምንፈታው በእሱ ቤት ነው!» አሉ። እልል አልን። ያልጾምነውም አብረን እልል አልን። አያ ደምሴ እምቢ ይበል? የቁስቋምን ዝክር እምቢ ብሎ የት ሊኖር?

ለጥሩዬ ቀን ወጣላት። በግ አሳረደች፤ ዶሮዎቹም አልቀሩ። ወጡ ላይ የፈሰሰው ቅቤ እስከ ክርናችን ወረደ። አያ ደምሴ ግን ምሰሶውን ተደግፎ የእያንዳንዳችንን ጉርሻ በዓይኑ ይሸኛል።

«ና ቅመስ እንጂ ልጄ፤ ጾሙ እኮ ተፈታ» አሉት የነፍስ አባታችን።

«ይብሉ አባ» አለ ቀስ ብሎ፤ «የኔ ገና ዛሬ መግባቱ ነው።»