«አላውቅም» እንዳትይ!

(ጠባብ ክፍል። ጠረጴዛው ላይ በተገለበጠ ድስት ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ። ቀስታ ለዶክትሬት ትምህርት በቪዲዮ ለቃለ መጠይቅ ልትቀርብ ነው። «ቀስታ» ቤተሰቡ ያወጣላት ስም ነው፤ ጠይቀዋት መልሷ እስኪመጣ ሻይ ይቀዘቅዛል። የእናቷ ወንድም፣ የመኪና መንዳት አሠልጣኙ ጋሼ፣ ነጭ ጋዋን ይዞ ጠረጴዛውን እያዞረ ያሳድዳታል።)

ጋሼ፦ ልበሺው ብያለሁ!

ቀስታ፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሥጋ ቤት ጋዋን ነው።

ጋሼ፦ ታጥቧል!

ቀስታ፦ ደረቱ ላይ የበሬ ሥዕል አለበት።

ጋሼ፦ በሬውን በእጅሽ ትሸፍኚዋለሽ። ዶክተር ያለ ጋዋን፣ መኪና ያለ መሪ!

ቀስታ፦ የሕክምና ዶክተር አይደለም እኮ። የፖሊመር ኬሚስትሪ ነው።

ጋሼ፦ ታዲያ ሰው ታሞ ቢመጣብሽ ምን ልትይው ነው?

ቀስታ፦ (ታስባለች) ... ሐኪም ቤት ሂድ እለዋለሁ።

ጋሼ፦ እሱንማ እኔም እለዋለሁ! ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የምትማሪው? ለመሆኑ ፖሊመር ምንድን ነው?

ቀስታ፦ ትንንሽ ሞለኪውሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፌስታል በለው፣ የመኪና ጎማ በለው...

ጋሼ፦ ጎማ! ጎማ ነው ያልሽው? ይሄን እስከ ዛሬ ደብቀሽኝ! በጎማ ከእኔ ወዲያ ላሳር! ስሚ፣ ጎማ ውስጥ ሰንሰለት የለም። አየር ነው ያለው።

ቀስታ፦ ሰንሰለቱ በዓይን አይታይም።

ጋሼ፦ አየሩስ መቼ ይታያል? እሺ፣ ማስታወቂያው ምን ይላል?

ቀስታ፦ «በፖሊመርና በፊዚካል ኬሚስትሪ ለዶክትሬት ምርምር ተማሪ እንፈልጋለን።»

ጋሼ፦ ፊዚካል! ይኸው! አካል ብቃት አለ ማለት ነው። ውረጂ፣ ፑሽ አፕ!

ቀስታ፦ ኧረ ጋሼ! ሙቀትና ጉልበት ቁስን እንዴት እንደሚለውጡት የሚያጠና...

ጋሼ፦ ጉልበት አላልኩሽም? ውረጂ!

(ቀስታ ከመከራከር ፑሽ አፕ ይቀላል ብላ ትወርዳለች። እያለከለከች ትነሣለች።)

ቀስታ፦ ጋሼ፣ ቀልዱ ይቅር። የቀረኝ በር ይሄ ብቻ ነው። ዛሬ ከወደቅሁ፣ ዕድሜ ልኬን ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ሽቶ ስቀላቅል መኖሬ ነው።

ጋሼ፦ ባለፈው የወደቅሽው ምክሬን አልሰማ ብለሽ ነው።

ቀስታ፦ ሰምቼ ነው እንጂ! «አውቃለሁ በይ» አልከኝ። «አውቃለሁ» አልኳቸው። እነሱ ደግሞ «እስቲ አስረጂን» አሉኝ።

ጋሼ፦ ከዚያስ?

ቀስታ፦ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነገርከኝማ።

ጋሼ፦ ዛሬ አጠገብሽ ነኝ፣ አይዞሽ። ብቻ «አላውቅም» የምትል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ! ጎበዝ ሹፌር መንገዱ ቢጠፋበትም ፍሬቻ አሳይቶ ይታጠፋል!

(ላፕቶፑ ይጠራል። ቀስታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች። ጋሼ ካሜራው እንዳያየው ጠረጴዛው ሥር ይገባል። የፕሮፌሰሯ ድምፅ የሚሰማው ለቀስታ ብቻ ነው።)

ቀስታ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ፕሮፌሰር... አዎ፣ የላክሁልዎት ምስል ነው... ምክንያቱን ነው? ... አላውቅም።

ጋሼ፦ (በሹክሹክታ) ጉድ ፈላ! ገና መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ!

ቀስታ፦ የተለጠጠ ስስ ፕላስቲክ ሲሞቅ ይኮማተራል፤ እሱስ የታወቀ ነው። የእኔው ግን ከቀዘቀዘ በኋላም መኮማተሩን አያቆምም። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ያው ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጋሼ፦ «አሮጌ ስለሆነ ነው» በያት! አሮጌ ጎማ ይኮማተራል!

ቀስታ፦ (በእግሯ ገፋ እያደረገችው) ኧረ ምንም የለም፣ ድመት ናት...

ጋሼ፦ እኔ ድመት?

ቀስታ፦ ... አዎ፣ ትልቅ ድመት... ጥርጣሬስ አለኝ። ስንለጥጣቸው ሰንሰለቶቹ ሳይወዱ በግድ ቀጥ ይላሉ። አንዴ መጠቅለል ከጀመሩ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይሆናል። ደግሞ እርጥበትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለይ መሣሪያ እኔ ጋ የለም። ስለዚህ... አላውቅም።

ጋሼ፦ (ራሱን ይዞ) ደገመችው! ሰለሰችው! ልጄ በገዛ አፏ ራሷን ሳሙና ፋብሪካ መለሰች!

ቀስታ፦ እንዴ! ... እውነትዎን ነው? ... (እንባዋ ይመጣል)

ጋሼ፦ አለቀሰች! አለቀልን!

(ጋሼ ሲነሣ ጭንቅላቱ ጠረጴዛውን ይመታል። ድስቱ ይንከባለላል፤ ጋሼ ላፕቶፑን አየር ላይ ይቀልበዋል። ፊቱ ስክሪኑን ይሞላል።)

ጋሼ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ ፕሮፌሰር! ልጅቷ ታውቃለች፣ ዓይን አፋር ሆና ነው! እሷ የጎደላትን እኔን ይጠይቁኝ! ጎማ ይበሉ፣ ሰንሰለት ይበሉ፣ እኔ የማላውቀው ነገር የለም! ፊዚካሉንም ከፈለጉ...

(ላፕቶፑን ለቀስታ አቀብሎ ፑሽ አፕ ሊሠራ ይወርዳል።)

ቀስታ፦ ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ አጎቴ ነው... አዎ፣ ድመቱ... (ጋሼ እንዳይሰማ በሹክሹክታ የሆነ ነገር ትመልሳለች፤ ሳቋ ያመልጣታል) እሺ። በጣም አመሰግናለሁ። ደህና ይዋሉ።

(ላፕቶፑን ትዘጋለች።)

ጋሼ፦ (ወለሉ ላይ እንደተዘረጋ) ንገሪኝ፣ ግድ የለም። ልቤን አጠንክሬያለሁ። ጣለችሽ?

ቀስታ፦ ተቀበለችኝ።

ጋሼ፦ ምን?

ቀስታ፦ ተቀበለችኝ ጋሼ! ስንት ሰው መልሱ ያልታወቀ ነገር ጠይቃ ሁሉም «አውቃለሁ» አላት። «እኛ ራሳችን የማናውቀውን ነገር ነው የጠየቅናችሁ። ብናውቀው ኖሮ ተመራማሪ ምን ያደርግልናል?» አለችኝ።

(ጋሼ ከወለሉ ይፈናጠራል። ተቃቅፈው ይዘላሉ። ጎረቤት ግድግዳውን ይደበድባል፤ እነሱም መልሰው ይደበድቡለታል።)

ጋሼ፦ አየሽ! እኔ ብቅ ስል ነው ነገሩ የተቃናው! ስለ እኔስ ምን አለች?

ቀስታ፦ «እንዲህ ሁሉን የሚያውቅ አጎት እያለሽ፣ እሱ ለምን አላመለከተም?» አለችኝ።

ጋሼ፦ (ኮሌታውን እያስተካከለ) እና ምን አልሻት?

ቀስታ፦ «እሱማ ሁሉንም አውቆ ስለጨረሰ የሚመራመርበት ነገር አጣ» አልኳት።

ጋሼ፦ (ግንባሯን ስሞ፣ በኩራት) ጎሽ፣ የእኔ ልጅ! አሁን ገና መልስ መመለስ ቻልሽ!