ጋሽ ተስፋይ መንገድ ሲመርጡ

ምቹ መንገድ ሲባል ምን ይታይዎታል? አስፋልቱ? የኦክላንዱ ጎረቤቴ ጋሽ ተስፋይ ግን መንገድ የሚመርጡት በሰው ነው። ልጃቸውን ልንድር አርቪ የሚሉትን አልጋና ኩሽና ያለው መኪና ተከራይተን ወደ ቨርጂኒያ ስንነሳ፣ «በሶልት ሌክ እንሂድ፣ አቋራጭ ነው» አልኳቸው።

«እዚያ ማን አለን?»

«አርቪው እኮ አልጋ አለው፣ ጋሼ!»

«አልጋ እንዴት አደርክ ይልሃል?»

ሰው ባለን በላስ ቬጋስ በኩል ዞርን። በየከተማው በላን፣ ተመረቅን፣ በሰው ሳሎን አደርን። እኔ ስነጫነጭ ነበር። ካንሳስ ሜዳ ላይ ሞተሩ ቀጥ ሲል ግን፣ ዴንቨር ያሳደሩን ሴትዮ ስንደውልላቸው የላኩት፣ እዚያው ካንሳስ የሚኖር፣ አይተነው የማናውቅ ወንድማቸው ከጠራነው ጎታች መኪና ቀድሞ ደረሰ፤ ያውም ምሳ ይዞ! ለሠርጉም ደረስን፣ ተመስገን።

አርቪውን ሳስረክብ አከራዩ ያልተነካውን አልጋ አይቶ፣ «ታዲያ የት ነበር የምታድሩት?» አለኝ።

«ቤታችን» አልኩት።