ሁለት ሰው የሚያገላብጠው እንቁላል

ዛሬ እሑድ ሊነጋጋ ሲል ዳዊቴን ልደግም ከመኝታዬ ቀና ብዬ ሳለሁ፣ ክሎቪስን እሱ ሳያየኝ አየሁት። የጥበቃ ተራውን ጨርሶ ካፒቴን ሴልዊንን ሊቀሰቅስ ወረደ። ሰውየው እንደ ሕፃን ተኝቷል። ክሎቪስ ቆም ብሎ አየው፤ ከብርድ ልብሱ የወጣ እግሩን ሸፈነለትና ድምፅ ሳያሰማ ወደ ጀልባው መሪ ተመለሰ። ግማሽ ሰዓት ጨምሮለት ነው የቀሰቀሰው። ሴልዊን ሲነሳ፣ "እኔ እኮ ቀስቃሽ አያስፈልገኝም" አለው።

ከምዕራብ አፍሪካ ማዶ ካለው ከሚንዴሎ ወደብ ከተነሳን አሥራ አራተኛ ቀናችን ነው። ሦስታችንም የካሪቢያኗ ደሴት የካሪያኩ ልጆች ነን። የጀልባው ባለቤት በአውሮፕላን ቀድሞን ወደዚያው ሄዷል፤ እኛ የሸራ ጀልባውን ውቅያኖሱን አሻግረን እናደርስለታለን። ሴልዊን ካፒቴን ነው፣ ክሎቪስ ምግብ አብሳይና ረዳት ነው፣ እኔ ደግሞ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ የጉዞውን መዝገብ እይዛለሁ። ሴልዊን የክሎቪስን ልጅ ክርስትና አንስቷል።

ክሎቪስ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቤቱን የሚያየው ለገና ብቻ ነው። በደሴቶቻችን መካከል በሚመላለሰው ጀልባ ላይ ካፒቴን ሆኖ ቢቀጠር ማታ ማታ ቤቱ ያድራል። ለፈተናው ለመቀመጥ ግን የምስክር ወረቀቱ ላይ የሴልዊን ፊርማ ያስፈልገዋል። ሴልዊንም ስንነሳ፣ "እንቁላሉን ሳይበላሽ ካደረስክ እፈርማለሁ። እንቁላል የጠበቀ ጀልባም ይጠብቃል" ብሎታል።

(ረፋድ ላይ። ሴልዊን መሪው ዘንድ ተቀምጧል። ክሎቪስ መጥበሻ ይዞ ከታች ብቅ ብሏል። ሁለቱም አፍንጫቸውን ይዘዋል። እኔ ከውስጥ መስኮቱ ሥር መዝገቤን ይዤ ተቀምጫለሁ።)

ሴልዊን፦ ይሄ እንቁላል አይደለም።

ክሎቪስ፦ እንቁላል ነው። ቅርፊቱን ራሴ ነኝ የሰበርኩት።

ሴልዊን፦ ነበር በለኝ።

ክሎቪስ፦ እሺ፣ ነበር።

ሴልዊን፦ ስንተኛው ነው?

ክሎቪስ፦ ስድስተኛው። አምስቱን ሳላሳይህ ባሕር ውስጥ ወረወርኳቸው።

ሴልዊን፦ ለምን አላሳየኸኝም?

ክሎቪስ፦ ቁርስህን እንዳላበላሽብህ ብዬ።

ሴልዊን፦ ስድስተኛውን ታዲያ ምን ብለህ አመጣኸው?

ክሎቪስ፦ ቁርስህ እሱ ስለሆነ።

ሴልዊን፦ (የባሕር ውሃ ያለበትን ባልዲ ይስባል) አንድ ያልተሰበረ አምጣ። እዚህ ውስጥ እንጨምረዋለን። ከሰጠመ ደህና ነው፣ ከተንሳፈፈ ሸቷል። ይሄ ሳይንስ ነው።

ክሎቪስ፦ (አምጥቶ ይጨምራል) ተንሳፈፈ።

ሴልዊን፦ ሸቷል።

ክሎቪስ፦ እኔም እኮ እንሳፈፋለሁ።

ሴልዊን፦ በጨዋማ ውሃ እንጂ በደህና ውሃ ገላህን ከታጠብክ አሥራ አራት ቀንህ ነው። ሳይንሱ አልተሳሳተም።

ክሎቪስ፦ ውሃውን በኩባያ የምትለካልኝ አንተ ነህ።

ሴልዊን፦ ወሬ አትቀይር። ስንነሳ ምን ብዬህ ነበር?

ክሎቪስ፦ "በኔ ጀልባ ላይ አይጠየቅም፣ ይሠራል።"

ሴልዊን፦ ስለ እንቁላሉ ነው የምልህ።

ክሎቪስ፦ በየቀኑ አገላብጥ አልከኝ። ማቀዝቀዣ በሌለበት በአንድ ጎኑ የከረመ እንቁላል አስኳሉ ቅርፊቱ ላይ ይለጠፍና ይበላሻል።

ሴልዊን፦ ትምህርቱን ይዘሃል። ከዚያ ተኛህ።

ክሎቪስ፦ አገላበጥኩ።

ሴልዊን፦ በየቀኑ?

ክሎቪስ፦ በየቀኑ። ጎህ ሲቀድ፣ ተራዬን ላስረክብህ ስል። እንቁላሉ በሁለት ካርቶን መሃል በሲባጎ ታስሯል፤ ጥቅሉን አንስቶ ግልብጥ ማድረግ ነው። እንዳይምታታብኝም ባንዱ ፊት ላይ በከሰል መስቀል አድርጌበታለሁ።

ሴልዊን፦ መስቀሉም አላዳነውም።

ክሎቪስ፦ መስቀሉን በእንቁላል አትፈትነው አበልጄ። እኔ ድርሻዬን ሠርቻለሁ። ምልክቱን ሁልጊዜ ወደ ታች ሆኖ አገኘዋለሁ፣ ወደ ላይ አድርጌው እተኛለሁ።

ሴልዊን፦ ሁልጊዜ ወደ ታች?

ክሎቪስ፦ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ሴልዊን፦ አንተ ሰው፣ ወደ ላይ አድርገኸው የተኛኸው ነገር በማግስቱ በምን ተአምር ወደ ታች ይገኛል?

ክሎቪስ፦ ጀልባው ስለሚናጥ መሰለኝ።

ሴልዊን፦ ባሕሩ ድስቱን ሳይነካ፣ ማንኪያውን ሳይነካ፣ ያንተን እንቁላል ለይቶ ይገለብጣል?

ክሎቪስ፦ እኔንም ገርሞኝ ነበር። ግን አይጠየቅም፣ ይሠራል ብለኸኛል።

ሴልዊን፦ እንደምትረሳ አውቄ ነበር እኮ። ለዚህ ነው እኔ ራሴ የማገላብጠው።

ክሎቪስ፦ ምኑን?

ሴልዊን፦ እንቁላሉን። አንተ ጋደም እንዳልክ፣ ማንኮራፋት ሳትጀምር፣ ወረድ ብዬ ግልብጥ አደርገዋለሁ። ልጅህን ክርስትና አንስቼ አባቷ በእንቁላል ሲወድቅ ዝም ብዬ አላይም።

ክሎቪስ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ሴልዊን፦ ምንም አይደል።

(ሴልዊን መሪውን ሳያስፈልግ ትንሽ ያዞራል፣ ይመልሳል።)

ክሎቪስ፦ አበልጄ።

ሴልዊን፦ አትናገር።

ክሎቪስ፦ እኔ ወደ ላይ አደርገዋለሁ።

ሴልዊን፦ ገብቶኛል።

ክሎቪስ፦ አንተ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወደ ታች ትመልሰዋለህ።

ሴልዊን፦ ገብቶኛል አልኩህ።

ክሎቪስ፦ በቀን ውስጥ የተገለበጠው ለአሥር ደቂቃ ነው ማለት ነው።

ሴልዊን፦ ሒሳቡን ተወው። ያም ሆነ ይህ ውል ውል ነው። እንቁላሉ ተበላሽቷል፣ ፊርማ የለም። ለሚመጣው ዓመት ያብቃን።

ክሎቪስ፦ (መጥበሻውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል) የክርስትና ልጅህ ባለፈው ገና በር ስከፍት ምን አለች መሰለህ? "እማዬ፣ እንግዳ መጣ።"

ሴልዊን፦ እኔ ያወጣሁትን ሕግ እኔ ካፈረስኩት ማን ያከብረዋል?

ክሎቪስ፦ እሺ። (ያስባል) ገመዱንስ?

ሴልዊን፦ የምን ገመድ?

ክሎቪስ፦ ትልቁን ሸራ የያዘውን። በብረት ቀለበቱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እየተፋተገ እንዳይበላ በየቀኑ አንድ ስንዝር አንቀሳቅሰው ብለኸኝ ነበር። ላስረክብህ ስል አንድ ስንዝር እለቅለታለሁ።

ሴልዊን፦ እሱንስ ደህና አድርገሃል።

ክሎቪስ፦ አንተስ ስትረከብ?

ሴልዊን፦ እኔማ ላልቶ ነው የማገኘው። ክሎቪስ አንቀላፍቶበት ነው እልና አንድ ስንዝር...

(ያቆማል።)

ክሎቪስ፦ ትስበዋለህ።

(ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ገመዱ ያያሉ። ቀለበቱ ዘንድ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተንጨፍርሯል። ሳይበጠስ የቀረው የጣት ያህል እንኳ አይሞላም። ነፋሱ ጠንካራ ነው፣ ሸራው ተነፍቷል።)

ሴልዊን፦ እንዳትነካው። ለዚህ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ደረጃ የነፋሱን አቅጣጫ...

(ክሎቪስ ሁለተኛ ገመድ አንስቶ ሸራው ላይ ሰክቷል፤ በሌላኛው ጎን አጥብቆ ያስረዋል። ቋጠሮውን ሲጨርስ አሮጌው ገመድ ጧ ብሎ ይበጠሳል። ሸራው አንዴ ይንፈራገጥና አዲሱ ገመድ ይይዘዋል።)

ሴልዊን፦ ...ማየት ነው ልል ነበር።

ክሎቪስ፦ ከምሥራቅ ነው። ከተነሳን ጀምሮ ከምሥራቅ ነው።

ሴልዊን፦ (ላቡን ይጠርጋል) ያ ሸራ ወዲያና ወዲህ ቢላተም ኖሮ ምሰሶውን ይዞት ይሄድ ነበር።

ክሎቪስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሄደም።

ሴልዊን፦ ይመስገን። ውሉ ግን...

ክሎቪስ፦ ወረቀቱ ምን ይላል አበልጄ? እስቲ አንብበው።

ሴልዊን፦ (ከደረት ኪሱ አውጥቶ ይዘረጋል) "ይህ ሰው ጀልባ ብቻውን መጠበቅ ይችላል።"

ክሎቪስ፦ ብቻውን።

ሴልዊን፦ ብቻውን ይላል።

ክሎቪስ፦ ብቻዬን ብሆን ኖሮ እንቁላሉ ይሸት ነበር?

ሴልዊን፦ (ያስባል) አይሸትም።

ክሎቪስ፦ ገመዱስ ይበላ ነበር?

ሴልዊን፦ አይበላም።

ክሎቪስ፦ ታዲያ።

ሴልዊን፦ ጥፋቱ የኔ ነው ልትለኝ ነው?

ክሎቪስ፦ እኔ አንተን መች አነሳሁ? ወረቀቱ ላይ አንተ የለህበትም።

(ሴልዊን ከኪሱ እስክርቢቶ ያወጣል። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይፈርማል። ክሎቪስ ይቀበለዋል፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ ይልበታል፣ አጣጥፎ ሸሚዙ ውስጥ ይከተዋል። መጥበሻውን ያነሳል።)

ክሎቪስ፦ ቁርሱ የጨው ዓሣ ሆኗል።

(ይወርዳል። ሴልዊን እሱ ምድጃው ዘንድ እስኪደርስ ይጠብቅና እኔ ወደተቀመጥኩበት በመስኮቱ አንገቱን ያስገባል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።)

ሴልዊን፦ አንተ ጸሐፊው፣ ሁሉንም ሰምተሃል። የገመዱን ነገር እንዳለ ጻፈው፤ ያዳነን ክሎቪስ ነው። መዝገብ ላይ ሐሰት ጻፍልኝ አልልህም፣ እግዚአብሔርን እንደምትፈራ አውቃለሁ። በእንቁላሉ ነገር ግን አንዲት ነገር ተባበረኝ። "እንቁላሉ በቀን ሁለት ጊዜ ይገላበጥ ነበር" በልና እዚያ ላይ አቁምልኝ።