ስድስት ሺህ ዶሮና አንድ ወረቀት

(ደቡብ ማኒቶባ፣ እንቁላል አምራች በሆነ ገበሬ ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ። ውጭ በረዶ ይጥላል። አባታቸውን ከቀበሩ ሦስት ሳምንት የሆናቸው ሁለት ወንድማማቾች ውርስ ሊካፈሉ ተቀምጠዋል። ታላቁ ጌርሃርድ ከዊኒፔግ ከነክራቫቱ መጥቷል፤ የማያውቀው ነገር የለም። ታናሹ ያሽ ከዶሮ ቤቱ ከነቦቲው መጥቷል፤ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ይበላል።)

ያሽ: አሥራ አንድ ማንኪያ ለሁለት አይካፈልም።

ጌርሃርድ: ስድስቱን አንተ ውሰድ፣ አምስቱን ለእኔ ተው።

ያሽ: እሱማ ግፍ ነው። አንተም ሾርባ ትጠጣለህ።

ጌርሃርድ: እሺ፣ ስድስቱ ለእኔ ይሁን።

ያሽ: እኔስ ሾርባ አልጠጣም?

ጌርሃርድ: ያሽ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ በማንኪያ ተጨቃጨቅን። አሥራ አንዱንም ውሰድና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

ያሽ: አሥራ አንድ ማንኪያ ለአንድ አፍ? ሰው ምን ይለኛል?

(ጌርሃርድ ማንኪያዎቹን ጠርጎ መሳቢያ ውስጥ ይከታቸዋል። ከአባታቸው መጽሐፍ ቅዱስ መካከል የታጠፈ ወረቀት ያወጣል።)

ጌርሃርድ: ይሄ ምንድን ነው?

ያሽ: የአባባ ወረቀት።

ጌርሃርድ: ኮታ ይባላል። የክፍለ ሀገሩ የእንቁላል ቦርድ የሰጠው ነው። እስቲ ልጠይቅህ፤ ሰው ሁሉ እንዳሻው ዶሮ ቢያረባ ምን ይሆናል?

ያሽ: እንቁላል ይበዛል።

ጌርሃርድ: ሲበዛስ?

ያሽ: እንበላዋለን።

ጌርሃርድ: ይረክሳል! ሲረክስ ገበሬው ይከስራል። ሲከስር ዶሮዎቹን ያርዳል። ከዚያ እንቁላል ከገበያ ይጠፋል። ይሄ እንዳይመጣ ቦርዱ ቁጭ ብሎ፣ ሕዝቡ በዓመት ስንት እንቁላል እንደሚበላ አስልቶ፣ ለየገበሬው ድርሻውን ይሰፍርለታል። ለአባባ ስድስት ሺህ ዶሮ ደረሰው።

ያሽ: እኔ ስንት እንደምበላ ማን ነገራቸው?

ጌርሃርድ: በግምት ነው።

ያሽ: ሐኪሙ ቀንስ ብሎኝ እኮ ከሦስት ወደ ሁለት ወርጃለሁ። ለቦርዱ አላሳወቅኩም።

ጌርሃርድ: ማሳወቅ የለብህም።

ያሽ: በቀን አንድ እንቁላል ነው፤ ቀላል አይደለም። በኔ ምክንያት አገር እየረከሰ ይሆናል።

ጌርሃርድ: እንቁላልህን ተወውና ስማኝ። ያለዚህ ወረቀት ዶሮ እንቁላል መጣል አትችልም።

ያሽ: ትችላለች። ዛሬ ጠዋት ሰብስቤ ነው የመጣሁት።

ጌርሃርድ: ብትጥልም ሕገ ወጥ ነው ማለቴ ነው። የምትጥለው በዚህ ወረቀት ፈቃድ ነው።

ያሽ: ወረቀቱ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አልነበር? መቼ አዩት?

ጌርሃርድ: ዶሮዎቹ ማየት የለባቸውም።

ያሽ: (አሰብ አድርጎ) በእምነት ነው እንዴ የሚጥሉት?

ጌርሃርድ: (ግንባሩን ይዞ) ክፍፍሉን እንጀምር። በአባባ ደንብ፣ አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። ታላቅ ነኝና እኔ እከፍላለሁ። በዚህ በኩል ቤቱ ከነመሬቱ፣ ዶሮ ቤቱ፣ ስድስት ሺህ ዶሮ፣ ትራክተሩ። በዚህ በኩል ይቺ ቢጫ ወረቀት። እንግዲህ ምረጥ።

ያሽ: እኔ እዚህ ቤት ተወልጄ እዚሁ ሸበትኩ። ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ቀን ጠዋት ገብቼ ዶሮ ቤቱን ጸጥ ብሎ ካገኘሁት ግን ልቤ ይቆማል።

ጌርሃርድ: ምስኪን። እኮ ምረጣ።

ያሽ: (ወረቀቱን አፈፍ አድርጎ) ይቺን።

ጌርሃርድ: (ከወንበሩ ተነስቶ) ምን አደረግህ?

ያሽ: ያለሷ አይጥሉም አልከኝ። እኔ ደግሞ እንዲጥሉ ነው የምፈልገው።

ጌርሃርድ: ወረቀት እኮ ነው። ከበረዶ ያስጥላል? ሾርባ ያበስላል? እሳት ውስጥ ብትከተው እንኳ እጅህን አያሞቅህም።

ያሽ: ቅድም ትልቅ ነገር ነው ብለህ ነበር።

ጌርሃርድ: ለከተማ ሰው ነው ትልቅ። አምጣው።

ያሽ: (ደረቱ ላይ ለጥፎ) አልሰጥም።

ጌርሃርድ: ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።

ያሽ: ልክ ናቸው። ሁለታችንም እዚሁ ነን።

ጌርሃርድ: (ድምፁን አለስልሶ) ወንድሜ፣ ላንተው ብዬ ነው። ወረቀቱ ያለበት ሰው ቅጽ ይሞላል፣ ስብሰባ ይሄዳል። ቦርዱም ይደውልለታል።

ያሽ: በስልክ?

ጌርሃርድ: በየሳምንቱ። በእንግሊዝኛ።

(ያሽ ወረቀቱን ትኩስ ድንች እንደያዘ ሰው ጠረጴዛው ላይ ይጥለዋል።)

ያሽ: ቤቱንና ዶሮዎቹን መርጫለሁ።

ጌርሃርድ: ፈርም። እዚህም። እዚህም ላይ። (ተቀብሎ፣ ፊርማውን እፍ ብሎ አድርቆ፣ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ይደገፋል) በል አሁን ወንድምህ ያስተምርህ። ይቺ ወረቀት ስትሸጥ ከቤቱም፣ ከመሬቱም፣ ከትራክተሩም ትበልጣለች። ሰው ዶሮ አይገዛም፤ የሚገዛው ፈቃዱን ነው። ዶሮማ የትም አለ።

ያሽ: እሰይ። ደስ ይበልህ።

ጌርሃርድ: አልገባህም። ወረቀት የሌለው ሰው ከዘጠና ዘጠኝ ዶሮ በላይ ማርባት አይችልም። መቶኛዋ የተገኘችብህ ቀን ተቆጣጣሪ ይመጣብሃል።

ያሽ: (መፈልፈሉን አቁሞ) ዶሮ ቤቱ ባዶ ሊሆን ነው?

ጌርሃርድ: ከሞላ ጎደል።

ያሽ: ሆዴን አባባኸው፣ ጌርሃርድ።

(ስልክ ይጮኻል። ያሽ ወደ ግድግዳው ይሸሻል።)

ያሽ: ያንተ ነው። ወረቀቱ አንተ ጋ ነው።

ጌርሃርድ: (ያነሳል) ሃሎ… አዎ፣ አመሰግናለሁ። እሱን ነፍሱን ይማረው… ወረቀቱ? አሁን ተፈራርመናል፣ በእኔ ስም ነው… ዶሮዎቹ? እነሱ በወንድሜ ስም… እንዴት? ሦስቱም? ወረቀቱም፣ ዶሮውም፣ ዶሮ ቤቱም በአንድ ሰው ስም? … ዶሮ የሌለው ወረቀት ወደ ቦርዱ ተመልሶ ለሌሎች ገበሬዎች ይታደላል? … ሳይሸጥ? … ቆይ፣ ቆይ እመቤቴ፣ ተሳስቼ ነው። ዶሮዎቹ እኔ ጋ ናቸው። ስድስት ሺሁም። በራሴ ቤት… አድራሻ? (ክራቫቱን እያላላ) ዊኒፔግ… አራተኛ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር አርባ ሦስት… አዎ፣ ፎቅ ነው… ሰፊ ነው… ተቆጣጣሪ? ሰኞ? ደስ ይለኛል።

(ስልኩን ያስቀምጣል።)

ያሽ: ደህና ናቸው?

ጌርሃርድ: ያሽ፣ ዶሮዎቹን ለጥቂት ቀን በእኔ ስም ብናደርጋቸው ምን ይመስልሃል?

ያሽ: እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር። ዘጠና ዘጠኙን መርጬ አስቀራለሁ። አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አንዱን ይዘህ ሂድ።

ጌርሃርድ: የት ነው ይዤ የምሄደው?

ያሽ: እኔ ምን አውቄ? አድራሻውን የሰጠኸው አንተ ነህ። (ኮቱን እየለበሰ) መኪናውን ላሙቀው። ሊፍታችሁ ስንት ሰው ይይዛል?

ጌርሃርድ: ስምንት። ያሽ፣ ተቀመጥ።

ያሽ: በአንድ ሰው ቦታ አሥር ዶሮ ብንል፣ ሰማንያ። ሰባ አራት ጊዜ መመላለስ ነው። የመጨረሻው ዙር አይሞላም፤ አንተም አብረሃቸው ትወጣለህ።

ጌርሃርድ: እዚሁ ይቀመጡ፣ እባክህ። አሁን ባሉበት።

ያሽ: በኔ ዶሮ ቤት? መቶኛዋ ከተገኘች ተቆጣጣሪ ይመጣል ብለኸኛል። እኔ ተቆጣጣሪ እፈራለሁ። አንተ ደፋር ነህ፤ ለሰኞ ቀጥረኸዋል።

ጌርሃርድ: በኔ ወረቀት ነዋ የሚቀመጡት።

ያሽ: ወረቀቱ ያንተ፣ ዶሮ ቤቱ የኔ። በአንድ ስም መሆን አለበት ስትል ሰምቻለሁ። እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ጎረቤቶችህ ከእንቅልፋቸው የሚነሱት በስንት ሰዓት ነው? እነዚህ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው የሚጀምሩት።

(ጌርሃርድ ወረቀቱን ያያል። መስኮቱን ያያል። እንደገና ወረቀቱን ያያል። ወደ ያሽ ይገፋዋል።)

ጌርሃርድ: ውሰደው።

ያሽ: አልወስድም። ስልክ አለበት።

ጌርሃርድ: ለማንም ከሚታደል አንተ ጋ ይሁን። ስልኩን እኔ አነሳለሁ።

ያሽ: በየሳምንቱ?

ጌርሃርድ: በየሳምንቱ።

ያሽ: ቅጹንስ?

ጌርሃርድ: እሞላለሁ።

ያሽ: ስብሰባውንስ?

ጌርሃርድ: (በቀጭን ድምፅ) እሄዳለሁ።

(ይፈራረማሉ። ያሽ ወረቀቱን አጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ይመልሰዋል። ከዶሮ ቤቱ በኩል ጫጫታ ይሰማል፤ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጥና ፊቱ ይበራል።)

ያሽ: ጌርሃርድ፣ እኔ እስከ ዛሬ ሠራተኛ ያልቀጠርኩት፣ የሚመጣው ሁሉ ወሬ ስለሚያበዛ ነበር። አንተን ግን ወንድሜ ስለሆንክ እስቲ ልሞክርህ። ሰኞ እንዳታረፍድ።